መታየት መታመን ነውን?

በኢትዮጵያ ገጠርና በትንንሽ ከተሞች የጠላ ቤት ምልክት ረጅም ጽሑፍ አያስፈልገውም። በደጃፍ የተተከለ እንጨት፣ በእንጨቱም ጫፍ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ይበቃል። አላፊ አግዳሚው ጣሳውን ሲያይ በውስጥ ጠላ መኖሩን ያውቃል፤ ማንበብ የማይችል እንኳ ይረዳዋል። ምልክቱ ትንሽ ቢመስልም ከባድ ውል ተሸክሟል፤ ጠላ ሳይኖር ጣሳ መስቀል መንገደኛን በከንቱ ከመንገዱ ማስቀረት ነውና። ይሁን እንጂ ጣሳው ስለ ጠላው ጥራት አንዳች አይናገርም። መጣፈጡን ወይም መምረሩን የሚናገር የጠጣ ሰው ነው፤ እርሱም በመንደሩ የታወቀ፣ ቢዋሽ ነገ «አንተ አይደለህም ወይ የላክኸን?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ነው።

እንግዲህ ንግድን ማሳወቅ ሁለት ሥራ አለው ማለት ነው። አንደኛው «እዚህ አለሁ» ማለት ሲሆን ሁለተኛው «እታመናለሁ» ማለት ነው። ፊተኛውን ባለቤቱ ራሱ ይላል፤ ኋለኛውን ግን ሌላ ሰው ሊልለት ይገባል። በኢንተርኔት ስለ መታወቅ የሚነገሩት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት እነዚህን ሁለቱን ከመደባለቅ ነው።

ነገሩን በካርቱም ኑሮ መመርመር ይቻላል። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከመጀመሩ በፊት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ በኩል በምትገኘው በአርካዊትም ሆነ በሌሎቹ የከተማይቱ ሰፈሮች ሐበሾች ቡና ያፈሉ፣ እንጀራ ይጋግሩ፣ ምግብ ቤትና የፀጉር ሥራ ቤት ይከፍቱ ነበር። በዚያ ሰፈር ቤት የሚፈለገው በጎዳና ስም ሳይሆን በ«መርበዕ» ቁጥር፣ ወይም በአቅራቢያው ባለ መስጊድና ፋርማሲ ነው። አዲስ ደንበኛ የሚመጣው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ወሬውን ሰምቶ፣ አለዚያም የአገሩ ልጅ እጁን ይዞ አድርሶት ነው። ስማርት ስልክ በየእጁ ሲገባ ግን ብዙ ባለንግድ ይህ የቃል መንገድ ያረጀበት መሰለው፤ «ፌስቡክ ላይ ካልወጣህ የለህም» የሚለውም አባባል ተለመደ።

ከስሕተቶቹ ሁሉ በኪስ ላይ የሚከብደው «ካልተከፈለ አይታይም» የሚለው ነው። በሱዳን ደግሞ ለዚህ የተለየ ምክንያት ነበረው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ ኦክቶበር 2017 ቆይቷል፤ አገሪቱም ሽብርን ይደግፋሉ ከተባሉት መንግሥታት መዝገብ የተፋቀችው በዲሴምበር 2020 ነው። በዚያ ዘመን ከካርቱም ባንክ በወጣ ካርድ ለውጭ ኩባንያ መክፈል የማይታሰብ ስለ ነበር፣ ማስታወቂያ የፈለገ ሁሉ በውጭ አገር ያለ ዘመድ ወይም በመካከል የሚገባ ሰው ያስፈልገው ነበር። መካከለኛ በበዛበት ደግሞ የማይሸጠውም ነገር ይሸጣል። «በጉግል አንደኛ አወጣሃለሁ» የሚለው ተስፋ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጉግል በገንዘብ የሚሸጠው ማስታወቂያ መሆኑ በምልክት የሚገለጥበትን ስፍራ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ተራ በክፍያ አይገኝም። በካርታው ላይ ድርጅትን ማስመዝገብም ገንዘብ አይጠይቅም። ከድረ ገጽ ጀርባ ቁልፍ ቃላትን መደርደር ተራን ከፍ ያደርጋል የሚለው ብልሃትም፣ ጉግል እነዚህን ቃላት ለተራ እንደማይጠቀምባቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በግልጽ ካሳወቀ በኋላ እንኳ ሲቸበቸብ ኖሯል።

ከዚህ ይልቅ ችላ የተባለው የፊደል ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች በጋራ በሚግባቡበት የፊደላት መዝገብ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህም አማርኛ በስልክ ሊጻፍና ሊፈለግ እንዲችል መንገድ ከፈተ። ሆኖም አንዱ «ሐበሻ» ሲል ሌላው «ሀበሻ» ይላል፤ አንዱ «ፀሐይ ምግብ ቤት» ሲል ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ይፈልጋል። ለጆሮ አንድ የሆኑት ለኮምፒዩተር የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ስሙ ወደ ዐረብኛ ሲሻገር ችግሩ ይብሳል፤ ዐረብኛ ለ«ጨ» እና ለ«ጰ» የራሱ ፊደል የለውምና ጸሐፊው ሁሉ እንደ መሰለው ያስጠጋዋል። እንዲህ ሆኖ አንድ ቤት በአራት ስም ይበተናል፤ ባለቤቱም ደንበኛ ያጣው ገንዘብ ስላልከፈለ ይመስለዋል። ስምን በአንድ አጻጻፍ ማጽናት፣ በዐረብኛውም በላቲኑም አብሮ ማኖር ምንም ወጪ የለውም። ሱዳናዊውን ጎረቤት በሚያነበው ፊደል መጥራት ከንግድ ብልሃት በፊት የእንግዳ ተቀባይነት ወግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እስከዚህ ድረስ ያለው «እዚህ አለሁ» የማለት ጉዳይ ነው። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ኮከብና አስተያየት ሲገባበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን አንድ ጉድ ሆነ። ኡባ በትለር የተባለ ጸሐፊ፣ ቀደም ሲል ለምግብ ቤቶች የሐሰት አስተያየት እየጻፈ በእያንዳንዱ 10 ፓውንድ ሲከፈለው የነበረ ሰው፣ የሚኖርባትን የጓሮ መጋዘን ምግብ ቤት ናት ብሎ ትሪፕአድቫይዘር በተባለው ድረ ገጽ አስመዘገባት። የምግቡን ፎቶግራፍ ያነሣው የጢም መላጫ አረፋ እየቀባ ነበር። ወዳጆቹ የምስጋና ቃል ጻፉለት። በኖቬምበር ወር ያቺ መጋዘን፣ ለአንድ ሰው እንኳ ምግብ አቅርባ የማታውቅ ስትሆን፣ በለንደን ከ18,000 ከሚበልጡት ምግብ ቤቶች አንደኛ ተብላ ተቀመጠች። ጣሳው ተሰቀለ፤ ጠላው ግን ከቶ አልተጠመቀም ነበር።

ታሪኩን ሰምቶ መሣቅ ቀላል ነው። በትለር ግን ቀልደኛ ነበር፤ ኋላም ራሱ ገለጠው። የማይገልጡት ብዙ ናቸው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መሸጥንና መግዛትን የሚከለክለውን ደንብ በሥራ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ነው። ኢትዮጵያም አሳሳች ማስታወቂያን በ2004 ዓ.ም. በወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ከልክላለች። ነገር ግን ሕግ ሊደርስበት የማይችል፣ በሐበሻ መካከል ከመግዛትና ከመሸጥ ይልቅ የተለመደ ሌላ መንገድ አለ። እርሱም ይሉኝታ ነው።

አንዲት ሴት በአርካዊት ምግብ ቤት ከፈተች እንበል። አዲስ አበባ ያለው የአጎቷ ልጅ፣ ዋሽንግተን ያለችው አብሮ አደጓ፣ ጅዳ የሚሠራው የጎረቤቷ ልጅ ሁሉም አምስት አምስት ኮከብ ይሰጧታል፤ «ምርጥ ጥብስ!» ብለውም ይጽፋሉ። ማንም ገንዘብ አልተቀበለም፤ ማንም ሰውን ለመጉዳት አላሰበም። እንዲያውም እምቢ ቢሉ «ለዘመዷ አንድ ቃል ነፈጋት» ይባሉ ነበር። ሆኖም ከመካከላቸው ጥብሱን የቀመሰ የለም። ይህ ምስክርነት ነው ወይስ ስጦታ? ስጦታ ከሆነ ሰጪው ከራሱ ኪስ የሚያወጣው ሊሆን በተገባ። እዚህ ላይ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነው፤ በቃሉ አምኖ ከሩቅ ሰፈር በሪክሻ የሚመጣው ሰው፣ እንዲሁም በሚቀጥለው መርበዕ ከንጋት ጀምሮ እሳት ላይ የምትውለው፣ ውጭ አገር ዘመድ የሌላት ሌላዪቱ ባለ ምግብ ቤት ይከፍሉታል። በዳኛ ፊት «አይቻለሁ» ብሎ ያላየውን የሚመሰክር ሰው ለባልንጀራው ስላዘነ ከሐሰት አይነጻም። በስልክ የተደረገው ለምን ይነጻል?

አንዳንዶች «ሁሉም ያደርገዋል፤ እኔ ብቻ ባላደርግ እጠፋለሁ» ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የቤት ኪራይ ያለበትን ሰው በባዶ ስብከት መገሠጽ ተገቢ አይሆንም። መልሱ ግን ዝምታ አይደለም። በልቶ የጠገበውን ደንበኛ «ያገኘኸውን ጻፍልኝ» ብሎ መለመን ነውር የለበትም፤ ነውሩ የሚጀምረው «እንዲህ ብለህ ጻፍ» ሲባል ነው። መጥፎ አስተያየት የተጻፈበትም ሰው ጽሑፉን ለማስጠፋት ከመሮጥ ይልቅ በጨዋ ቃል ቢመልስ ይሻለዋል። ሁሉ አምስት ኮከብ ከሆነበት ቤት ይልቅ «ቀይ ወጡ በዝቶበት ነበር» የተባለበትና ባለቤቲቱ «ይቅርታ፣ ሲመጡ አለዝብልዎታለሁ» ያለችበት ቤት ሰው ያለበት ቤት መሆኑ ይታወቃል።

የምግብ ቤት ነገር ቢበዛ አንድ ራት ማበላሸት ነው። በካርቱም ግን ከዚህ የከፋ ነገር በዚሁ መንገድ ሲሄድ ኖሯል። ከተማይቱ ወደ ሊቢያ ለሚያልፉ ስደተኞች መሸጋገሪያ በነበረችበት ዘመን፣ ደላሎች ራሳቸውን በፌስቡክና በመሳሰለው ያስተዋውቁ ነበር። ብዙ ተከታይ ያለው፣ «በሰላም ደረስን» የሚል ምስጋና የተደረደረለት ደላላ ታማኝ መሰለ። ያላየውን የሚመሰክር ሕዝብ መካከል ያደገ ወጣት፣ የተከታይን ቁጥር ከቃለ ምስክርነት ለይቶ እንዲያይ ማን አስተማረው? «ለዘመድ ነው» ተብሎ የተለመደው ቸልታ ከጥብስ ተነሥቶ የሰው ነፍስ ድረስ ይሄዳል።

ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ተገለበጠ። ብዙው ሰው በገዳሪፍና በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ፤ ሌላው ወደ ፖርት ሱዳንና ወደ ግብፅ ሄደ። በካርታው ላይ ያለ ምልክት ግን አብሮ አይሰደድም። «ተዘግቷል» የሚል ሰው እስካልተገኘ ድረስ ከነኮከቡ፣ ከነፎቶግራፉ ባለበት ይቆያል። ጦር ሠራዊቱ ካርቱምን እ.ኤ.አ. በማርች 2025 መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ከተማይቱ የሚመለስ ሰው በስልኩ የሚያየው ክፍት ቤት፣ በስፍራው ሲደርስ ፍርስራሽ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ጥያቄ አለ፤ የብዙ ተፈናቃይ ባለንግድ ጥያቄም ነው። በአርካዊት ለዓመታት በእውነት የተገኘ መልካም ስም፣ ባለቤቲቱ ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ብትከፍት ይከተላታልን? ጉግል ለተዛወረ ድርጅት አድራሻ መቀየርን ይፈቅዳል፤ የቆየው አስተያየትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። መፈቀዱ ግን መገባቱን አይወስንም። ደንበኞቹ ያመሰገኑት እጇን ከሆነ፣ እጇ አብሯት መጥቷል፤ ያመሰገኑት የዛፉን ጥላ፣ የምሽቱን ነፋስና ከደጁ የነበረውን ጨዋታ ከሆነ ግን ያ በአርካዊት ቀርቷል። ስለዚህ ስሟን ይዛ መሄዷ መብቷ ነው፤ ከበላዩ «ከካርቱም ተዛውረናል፤ አስተያየቶቹ የተጻፉት እዚያ ሳለን ነው» ብላ ብትጽፍ አንባቢው የትኛው የእጇ፣ የትኛው የሰፈሩ መሆኑን ራሱ ይለያል። አንዲት መስመር ናት፤ በሦስቱም ፊደል ብትጻፍ ደግሞ የአርካዊት ጎረቤቶቿም የት እንደ ገባች ያውቃሉ።