የሽመላና የእንቁራሪት ዝምድና

ሽመላ በረጅም እግሩ ረግረግ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ሲራመድ፣ እንቁራሪትም ከሣር ሥር ተሸሽጋ ዝም ስትል ያየ ሰው፣ እነዚህ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው ቢሉት ይስቃል። አንዱ በላተኛ፣ ሁለተኛይቱ መብል ናትና። እርሱ ላባ ለብሶ በሰማይ ይበራል፤ እርስዋ ግን በእርጥብ ቆዳዋ ጭምር እየተነፈሰች ከውሃ ዳር ብዙ አትርቅም።

ነገር ግን አጥንታቸው ቢመረመር ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም እንደ ሰው የጀርባ አጥንት አላቸው፤ ከዳሌያቸውም እስከ ጉልበታቸው ያለው አጥንት እንደ ሰው አንድ ነው። በሽመላ እግር መካከል ወደ ኋላ የሚታጠፈው፣ ብዙ ሰው ጉልበት የሚመስለው፣ ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ ጉልበቱስ በላባው ውስጥ ተሰውሯል። በእርሱ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው አጥንት ለመራመድ ረዝሟል፤ በእርስዋም የቁርጭምጭሚትዋ አጥንቶች ለመዝለል ረዝመዋል። ፍጥረትን የሚመረምሩ ሊቃውንት የሁለቱ ዘር የተለያየው ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው ይላሉ። የቤተ ክርስቲያናችንም ትምህርት፣ በውሃ የሚኖሩትና በክንፍ የሚበሩት በዕለተ ሐሙስ ከአንድ ውሃ ተገኙ ይላል።

እንግዲህ ሽመላ ሩቅ ዘመዱን በመብላቱ ይወቀሳልን? አይወቀስም፤ ዝምድናውን አያውቅምና። በዕብራይስጥ ስሙ «ሐሲዳ» ነው፤ ይኸውም ቸር፣ ርኅሩኅ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ልጆቹን በብርቱ ይንከባከባልና ስሙ ይገባዋል። ሆኖም ቸርነቱ ከጎጆው አፍ አያልፍም።

አንባቢ ሆይ፣ እኛስ? «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» እያልን፣ የተራበ ሰው ከደጃችን ሲቆም እንጀራውን ከመቍረሳችን በፊት «የማን ልጅ ነህ? አገርህስ ወዴት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱ ከወገናችን ያልሆነ እንደ ሆነ እጃችን ይከብዳል። ፍቅር ከቅርብ መጀመሩ ነውር አይደለም፤ የራሱን ልጅ አስርቦ ለባዕድ የሚመጸውት አይመሰገንምና። ነውሩ በጀመረበት መቅረቱ ነው።

በሽመላና በእንቁራሪት መካከል ያለው ርቀት እጅግ ብዙ ነው፤ በሰውና በሰው መካከል ያለው ግን ከምንም አይቈጠርም፤ ሁላችን የአንድ አዳም ልጆች ነንና። ሽመላ ባለማወቁ ከበደል ነጻ ነው። እኛ ግን ዝምድናችንን ስላወቅን ባለዕዳ ሆነናል፤ ይህንም ዕዳ ከጎጆአችን ውጭ ለቆመው ሰው እንድንከፍል አምላካችን ልቡና ይስጠን።