አጥርና አውድማ

ነገሩ የሆነው ፃግብጂ ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአካባቢው ወጣት ከቁርጥራጭ ብረትና ከአሮጌ የውኃ መሳቢያ ሞተር የጤፍ መውቂያ ሠራ። ብየዳውን የተማረው ሰቆጣ ነው። በሬዎች ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ የሚውሉበትን ክምር መሣሪያው ቶሎ ይጨርሰዋል። በመጀመሪያው ዓመት ካውድማ አውድማ እየዞረ ለጎረቤት ሁሉ ወቃ። የጠየቀውን ሁሉ ከፍቶ አሳየ። በቀጣዩ መኸር ሁለት ብረት ሠሪዎች መሳዩን ሠርተው ገበያ አወጡት።

ልጁ ሥራውን ለማስፋት ገንዘብ ፈለገ። ከአዲስ አበባ አንድ ባለገንዘብ መጥቶ አየለት።

«ጋሼ፣ ሰውየው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው» አለኝ። «‘ሌላው እንዳይሠራው ምን ይከለክለዋል?’ አለኝ። ‘ምንም’ አልኩት። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።»

መጀመሪያ በሰውየው ተናደድኩ። ኋላ ሳስበው ግን ሰውየው ምን አጠፋ? ባንክ ዋስትና ይይዛል። ቬንቸር ካፒታል የሚባለው ገንዘብ ግን ድርሻ ነው የሚገዛው፤ ድርጅቱ ከወደቀ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ አጥር ይፈልጋል። ያ አጥር ፓተንት ነው። ወረቀቱ መውቂያውን የተሻለ አያደርገውም፤ ልጁን ለማያውቀው ሰው ግን መተማመኛ ይሆነዋል።

ይህንኑ ለልጁ አባት ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እንዴ! ያለ ወቅቱ ዝናብ መጥቶ የጎረቤቴን ነዶ እያበሰበሰ፣ ልጄ ብረቱን በጨርቅ ይሸፍን?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። የሚያሳፍረው ደግሞ አዲስነት የፓተንት ዋነኛ መለኪያ መሆኑ ነው። ሳያስመዘግብ ለሁሉ ያሳየ ሰው በብዙ አገር መብቱን ያጣል። ቸርነት ቅጣት አለው ማለት ነው።

ወረቀት ሁልጊዜ ከዐዋቂው እጅ እንደማይገባም ጤፍ ራሱ አሳይቶናል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው በ1999 ዓ.ም. በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። በ2001 ዓ.ም. ግን ከሰረ፤ ፓተንቱም ወደ ሌላ ድርጅት ተላለፈ። ለኢትዮጵያ የደረሳት 4 ሺህ ዩሮ ያህል ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! በመጨረሻ፣ ኅዳር 2011 ዓ.ም.፣ የሄግ ፍርድ ቤት በሥራው ውስጥ የፈጠራ ብልሃት የለም ብሎ ፓተንቱን በኔዘርላንድ ዋጋ አሳጣው። ለዘመናት ጤፍ ሲያበጥር የኖረ ገበሬ ወረቀት አልነበረውም። ወረቀት የያዘውም ቢሆን ከመክሰር አልዳነም።

ታዲያ ወረቀቱን እንርገመው? እኔ አልልም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የቃል ግጥም ገጣሚው አይታወቅም ስል እንደ ውበት ነበር የማወራው። ያ ስም የለሽነት ግን በሥራው ለሚያድር ሰው ረሃብ ነው። ትናንት «ቀጥቃጭ» እያልን የሰደብነውን፣ ዛሬ ደግሞ በነፃ ቅዳልን ማለት ሌላ ግፍ ነው።

ደግሞስ ፓተንት መደበቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ፈጣሪው አሠራሩን በጽሑፍ እንዲገልጥ ያዘዋል፤ በምላሹ ለ15 ዓመት ይጠብቅለታል። ለአነስተኛ ፈጠራም 5 ዓመት አለው። ጊዜው ሲያልቅ አጥሩ ይፈርሳል፤ ዕውቀቱ የሁሉ ይሆናል። አባትየው የፈሩት የዘላለም አጥር አይደለም ማለት ነው። በአጥሩ ውስጥ እያለም ባለቤቱ ለፈለገው ጎረቤት በሩን መክፈት ይችላል፤ ልዩነቱ ቁልፉ በእጁ መሆኑ ነው።

ግን ይህን ለልጁ ማን ነገረው? ማንም። አዋጁን የምናውቅ እኛ ነን፤ ብረቱን የሚያውቅ እሱ ነው፤ በመካከላችን ያለው መንገድ ግን ከፃግብጂ አዲስ አበባ ካለው ይረዝማል። በደሉ የባለገንዘቡ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው ቀድሞን መድረሱ ነው።

ልጁ ዛሬም ለጎረቤት ይወቃል። «ሁለተኛ ነገር ብሠራ ለማን ላሳይ፣ ጋሼ?» አለኝ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ለእኔ፣ አብረን እንጻፈው» አልኩት። ይህን ማለት የነበረብኝ ግን ከመኸሩ በፊት ነበር።