ጥያቄ ከመጠይቅ ይቅደም

በማኔጅመንት፣ በአካውንቲንግና ፋይናንስ፣ በማርኬቲንግ፣ በሎጂስቲክስ ወይም በሰው ሀብት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ለምትማሩ ልጆቻችን አንድ ነገር አጥብቄ ልምከራችሁ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ለመጨረሻው ሴሚስተር አታቆዩት። ኮርሱን መጨረስ፣ ከዚያ ርዕስ ማፈላለግ፣ ከዚያ መጠይቅ በትኖና ሰብስቦ ዲፌንድ ማድረግ የተለመደ መንገድ ሆኗል። በዚህ መንገድ የሄደ ተማሪ ዲግሪውን ያገኛል። በመሥሪያ ቤት ውስጥ እውነት ተብሎ የሚነገረውን መርምሮ ልክ መሆን አለመሆኑን የመለየት ችሎታ ግን ሳይዝ ይወጣል፤ ለአንድ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ችሎታ አላውቅም። ይህም የሚገኘው ከራስ ጥያቄ ተነሥቶ፣ መንገዱ ቢከብድም እስከ መልሱ በመሄድ ነው።

በየዓመቱ ከሚደጋገሙት ርዕሶች አንዱን እንውሰድ፦ የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች ተነሣሽነት ላይ ያለው ተፅዕኖ። ከሥሩ የአንድ ባንክ ስም ይገባል። ተማሪው ከቀድሞ ጽሑፍ መጠይቅ ወስዶ ያባዛል። የባንኩ ሠራተኛ ከምሳ ሲመለስ ወረቀቱ ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያው ገጽ «አለቃዬ ሐሳቤን ያዳምጣል» ለሚለው፣ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» ከተደረደሩት አምስት ሳጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ገጹን ገልብጦ «ሥራዬን በደስታ እሠራለሁ» ለሚለውም እንዲሁ ያደርጋል። ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ምክንያቱም ውጤቱም በአንድ ሰው የዚያ ሰዓት ስሜት ተለኩ ማለት ነው። በቅርቡ እድገት ያገኘ ሰው ለሁለቱም ገጽ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣል፤ የዝውውር ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ለሁለቱም ዝቅ ያደርጋል። ቁጥሮቹ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ገብተው ሪግሬሽን ሲሠራ ሁለቱ ገጾች ተያይዘው ይወጣሉ፤ ተማሪውም «ጥሩ አመራር ተነሣሽነትን ይጨምራል» ብሎ ይደመድማል። ያገኘው ነገር ግን ደስ ያለው ሰው ሁለቱንም ገጽ በደስታ መሙላቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ እንከን አዲስ ግኝት አይደለም። ፖድሳኮፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 በሰፊው ጽፈውበታል፤ መድኃኒቱንም አብረው አስቀምጠዋል። ውጤቱን ከሌላ ምንጭ፣ ቢቻልም በሌላ ጊዜ መለካት ነው። የአለቃውን ጠባይ ከሠራተኛው ጠይቁ፤ ተነሣሽነቱን ደግሞ ከቀሪ መዝገብ፣ ከመልቀቂያ ደብዳቤዎች፣ ከሥራው ውጤት ፈልጉ።

ናሙና ላይም ተመሳሳይ ልማድ አለ። ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመው ቀመር በብዙ ጽሑፎች ሦስተኛ ምዕራፍ ውስጥ ይገኛል። ሠራተኞቹ 400 ከሆኑ በ5 በመቶ ስሕተት 200 ሰው፣ 8,000 ከሆኑ 381 ሰው ይላል። ቀመሩ ግን የቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በዕጣ የመመረጥ እኩል ዕድል እንዲኖረው፣ የሚፈለገውም «ከመቶ ስንቱ?» የሚል መልስ እንዲሆን። 381ን አስልቶ መጠይቁን ጓደኛ ባለባቸው ቅርንጫፎች የሚበትን ሰው ቁጥሩን ይዞ መሠረቱን ጥሏል። ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያስተዋወቀው አልፋም ከ0.7 በለጠ ተብሎ በኩራት ይጻፋል። አልፋ የሚነግረን ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ነው፤ ልትለኩት የፈለጋችሁትን መለካታቸውን አይናገርም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሰርቭኳል ነገር ነው። ፓራሱራማን፣ ዘይታምልና ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት ይህ የአገልግሎት ጥራት መለኪያ 5 ዘርፎችና 22 ጥያቄዎች አሉት፤ በእኛ ባንኮች ላይም ብዙ ጊዜ ተሠርቶበታል። ሰዎቹ እዚህ የደረሱት ግን ከባዶ ተነሥተው ነው። አስቀድመው የድርጅት ኃላፊዎችን ቃለ መጠይቅ አደረጉ፣ ደንበኞችን በቡድን በቡድን አስቀምጠው አወያዩ፤ መለኪያው የወጣው አሜሪካውያን ደንበኞች በራሳቸው አንደበት ከተናገሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ክሮኒንና ቴይለር ደንበኛው የጠበቀውንና ያገኘውን እየቀናነሱ መለካት አያስፈልግም ብለው ተከራክረዋቸዋል፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ ይነበባል። እኛ የወሰድነው 22ቱን ጥያቄዎች ነው፤ የተገኙበትን መንገድ ትተነዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዝ በሚወጣበት ሰሞን አንድ ቅርንጫፍ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚለውን ነው። ይህ ቃል ከ22ቱ በአንዱም ውስጥ የለም። ሲስተም ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ፣ በተቋረጠ ጊዜ ስንት ሰው ሳይስተናገድ እንደሚሄድ፣ ከእነዚያም ስንቱ ወደ ቴሌብር እንደዞረ የጠየቀ ተማሪ የራሱን ጥያቄ አግኝቷል።

የራስ ጥያቄ የት እንደሚያደርስ በአገራችን የተሠራ ጥናት ያሳየናል። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ሥራ ለመቀጠር ያመለከቱ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፈሉ። አንዱ ክፍል የፋብሪካ ወይም የእርሻ ልማት ሥራው ተሰጠው፤ ሌላው 300 ዶላር ያህል ገንዘብና የንግድ ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው እንደነበረ ቆየ። የብዙ ሰው ግምት ቋሚ ሥራ ያገኘው ይሻለዋል የሚል ነበር። በዓመቱ ሲታይ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ለቀዋል፣ ገቢያቸው ከሦስተኛው ክፍል አልበለጠም፣ የጤና ችግርም ታይቶባቸዋል፤ ገንዘቡን ያገኙት ግን ገቢያቸው በሲሶ ያህል ጨምሯል። ተመራማሪዎቹ በዚህ አልረኩም። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲለኩ ልዩነቱ ጠፍቶ ሦስቱም ክፍሎች ተቀራርበው አገኟቸው፤ ይህንንም ሳይደብቁ አሳተሙት። ያማረውን የመጀመሪያ ውጤት ይዞ መቀመጥ ይቻል ነበርና፣ እኔ ከጥናቱ ሁሉ የማከብረው ይህን ሁለተኛ ጉዞ ነው።

«እነሱ ገንዘብና ጊዜ አላቸው፤ እኔ ቀን ሠርቼ ማታ የምማር ሰው ነኝ» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። ግን ሄርበርት ሳይመን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለ ለኮርስ ማሟያ የሠራውን ተመልከቱ። በሚልዋኪ ከተማ የሕፃናት መጫወቻ ቦታዎች ነበሩ። ግቢውን የሚጠግነው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ልጆቹን የሚያጫውቱትን ሠራተኞች የሚያሰማራው ሌላ ነበር፤ ገንዘቡ ለየትኛው ምን ያህል ይሁን በሚለው አይስማሙም። የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ተጨማሪው ገንዘብ የበለጠ ጥቅም ወዳለበት ይሂድ ይላል፤ ሰዎቹ ግን እንዲያ አላሰቡም፤ እያንዳንዱ የቆመለትን መሥሪያ ቤት ዓላማ ይዞ ነበር የሚከራከረው። ሳይመን ለምን ብሎ ጠየቀ። ከዚያች ጥያቄ የዶክትሬት ሥራው፣ ከእሱም እ.ኤ.አ. በ1947 የታተመው መጽሐፉ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የኖቤል ሽልማት የተሸለመውም በድርጅቶች ውስጥ ውሳኔ እንዴት እንደሚሰጥ ባጠናው ነው። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ሰው እንዲያውም አንድ ብልጫ አለው፤ ሙሉ ቀን ተማሪ የሆነው የማያየውን ነገር በየቀኑ ጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል። የግዢ ክፍል ሠራተኛ አንድ የግዢ መጠየቂያ በስንት ፊርማ እንደሚያልፍና በየፊርማው ስንት ቀን እንደሚተኛ ያውቃል። የትራንዚት ሠራተኛም ኮንቴይነር ከጅቡቲ ወጥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪለቅ ጊዜው የት እንደሚባክን ያውቃል። ቀኖቹን መዝግቦ መቁጠር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

«ድርጅቱ መረጃ አይሰጥም» የሚለውስ? አንዳንዱ በእርግጥ አይሰጥም፤ የባንክ ደንበኛ ምስጢርም መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ስምና ሒሳብ ቁጥር አትጠይቁ፤ ቀንን፣ ሰዓትንና ብዛትን ጠይቁ። እምቢታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ተማሪው «ለመመረቂያ ነው» ብሎ ሲሄድ ነው። ለኃላፊው የሚጠቅመውን ጥያቄ ይዛችሁ፣ ውጤቱን እንደምትሰጡት ቃል ገብታችሁ ብትሄዱ ነገሩ ይለወጣል። አማካሪዬ የለመደውን ርዕስ ነው የሚፈልገው ለምትሉም፣ አንድ ገጽ ላይ ጥያቄውን፣ መልሱ የሚገኝበትን መዝገብና ግምታችሁ ስሕተት ቢሆን በምን እንደምታውቁት ጻፉና ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ይዛችሁ ግቡ። በመጨረሻው ወር ባዶ እጁን የመጣ ተማሪ የተሰጠውን ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም። በገንዘብ ቴሲስ አስጽፎ መውጣትን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሌላ ሰው ባሰበበት ማንም አይሠለጥንም።

ሌሎቻችሁ «እኔ ተመራማሪ መሆን አልፈልግም፤ እድገት ነው የምፈልገው» ትላላችሁ። እድገቱ ሲመጣ ጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀርበው ሪፖርት፣ የአማካሪ ድርጅት ጥናት፣ «የደንበኞች እርካታ 87 በመቶ ደረሰ» የሚል ወረቀት ነው። ማን ተጠየቀ፣ መቼ ተጠየቀ፣ ያልመለሱት እነማን ናቸው ብሎ የማይጠይቅ ኃላፊ በዚያ ወረቀት ቅርንጫፍ ይከፍታል፣ ሠራተኛ ይቀንሳል። ኮርሶቻችሁንም በዚህ ዓይን አንብቡ። የፋይናንስ መምህሩ አንድ ሞዴል ሲያስተምር ሞዴሉ የት አገር በየትኛው ገበያ እንደተፈተነ ጠይቁ፤ የማርኬቲንግና የሰው ሀብት መጻሕፍትም ላይ እንዲሁ አድርጉ።

ዲፌንሱ ካለፈ በኋላ የምትሠሩት አንድ ሥራ ይቀራል። በእንግሊዝኛ የጻፋችሁትን ወፍራም ጥራዝ በአማርኛ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የሥራ ቋንቋ ሁለት ገጽ አድርጋችሁ መረጃ ለሰጣችሁ ክፍል አድርሱ። ኃላፊው «ይህንንማ እናውቀው ነበር» ካላችሁ፣ የትኛውን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን እንዳወቀው ጠይቁትና መልሱን ጻፉት።