ዓላማና ምስክሩ

ሰው ራሱን በጥቂት መስመር ሲገልጽ መጻፍ ያለበት ያደረገውን ነው ወይስ ሊያደርግ የሚሻውን? ሥራ ፈላጊው በትምህርትና በሥራ ታሪኩ አናት ላይ «ዓላማዬ» ብሎ የሚያሰፍራት ዐረፍተ ነገር ይህን ጥያቄ ታስነሣለች። «ባለኝ ዕውቀት ድርጅቱን በትጋት ለማገልገል» የሚለው ቃል በመቶ ሰው ወረቀት ላይ ቢገለበጥ ማንንም ከማንም አይለይም። ማንንም የማይለይ ቃል ደግሞ ማንንም አያስጠይቅም።

የአገራችን ፎካሪ ግን «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ የሚያውቁት ሰዎች በዙሪያው ነበሩ። ቃሉ ምስክር ነበረው፤ ከዘመቻ መልስ ይመረመርበት ነበር። የፉከራው ክብር ከድምፁ ግርማ ይልቅ ከዚህ ተጠያቂነት የመነጨ ነው።

ዋግ ሕምራ ለዚህ የዘመናችን አብነት አላት። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ በተጎዳችው በሰቆጣ ስም መንግሥት በ2007 ዓ.ም. «የሰቆጣ ቃል ኪዳን»ን አወጀ፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ። ዓላማው፣ ባለጉዳዩና ቀነ ገደቡ ተለይተዋል። ስለ ፍጻሜው የሚመሰክረውም የአዋጁ ወረቀት ሳይሆን የሕፃኑ ቁመት ነው።

እንግዲህ ዓላማን መጻፍ በራሱ ግብዝነት አይደለም። ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ውሸት ነው፤ ሊሠሩ ያሰቡትን መናገር ግን ዕዳ መግባት ነው። መምህሩ «ትውልድን እቀርፃለሁ» ከማለት ይልቅ «ማንበብ ሳይችል ከክፍሌ የሚያልፍ ተማሪ አይኖርም» ቢል፣ ቃሉ ያስጨንቀዋል፤ ግን ያስከብረዋል። ስለዚህ ዓላማውን ሊጽፍ ብዕር ያነሣ ሁሉ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፦ ይህን ቃል ባልፈጽም በምን ይታወቅብኛል?