ተሸናፊው ምን ዕዳ አለበት?

በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት፣ ዩኒቲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ትርጉሙ «አንድነት» ማለት ነው። በ2008 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ባራክ ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን የዲሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ለመሆን ሲፎካከሩ፣ የዚች ከተማ መራጮች ለአንዱ 107፣ ለሌላዋም 107 ድምፅ ሰጡ። ውድድሩ በኦባማ አሸናፊነት ካለቀ በኋላ፣ በጁን 27፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው እዚያችው ከተማ ሕዝብ ፊት ቆሙ። ስሙም ገጠመ፣ ቁጥሩም ገጠመ፣ ፎቶግራፉም አማረ። እንዲህ ያለ ነገር ልብ ወለድ ውስጥ ቢገባ ሐያሲዎቻችን «አሁንስ በዛ!» ብለው ይጥሉት ነበር።

ከፎቶግራፉ ጀርባ ያለው ጉዳይ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ለወራት «ያኛው አይረባም» ሲል የከረመ ወጣት፣ የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ባለቀ ማግስት ለዚያው ላልረባው ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ድምፅ እንዲለምን ይጠየቃል። የሚጠይቁትም ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ጓደኞቹ ናቸው። «አሁን ጊዜው የአንድነት ነው» ይሉታል። በምን መብት ይሉታል? የተሸነፈ ሰው ላሸነፈው ዕዳ አለበት ወይ?

ከመካከላችን አንዳንዶቹ ምን ያከራክራል ይላሉ። ውድድር ውስጥ መግባት ራሱ ቃል መስጠት ነው፤ ካሸነፍኩ ተከተሉኝ፣ ከተሸነፍኩ ግን ጨዋታ ፈረሰ ማለት የልጅ ነገር ነው። እውነት አላቸው። ቃሉ የሚያስረው ግን ሕጉ ለሁለቱም ወገን አንድ ሕግ ሲሆን ነው። እስቲ ወደ 1968 እንመለስ።

በዚያ ዓመት ብዙ የአሜሪካ ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት የተቃወመውን ሴናተር ዩጂን ማካርቲን ደግፈው ወደዚያው ወደ ኒው ሃምፕሸር ጎረፉ። ያገሬውን ሰው እንዳያስደነግጡ ብለው ጠጉራቸውን ተቆረጡ፣ ጢማቸውን ተላጩ። (በዚያ ዘመን ጠጉር ቀላል መሥዋዕት እንዳይመስላችሁ!) ማካርቲ ባያሸንፍም 42 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ በሥልጣን ላይ የነበረውን ፕሬዚዳንት ጆንሰንን አናጋው። ጆንሰንም በማርች 31 ዳግመኛ አልወዳደርም አለ። ከማካርቲ በኋላ ወደ ውድድሩ የገባው ሮበርት ኬኔዲ ደግሞ በጁን ወር ካሊፎርኒያ ላይ ባሸነፈበት ሌሊት በጥይት ተመትቶ በማግስቱ ሞተ። በኦገስት ፓርቲው ቺካጎ ላይ ሲሰበሰብ ዕጩ የሆነው ማን ነው? በቅድመ ምርጫዎቹ ያልተወዳደረው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሂዩበርት ሃምፍሪ! በየክፍለ ግዛቱ ያሉ የፓርቲ አለቆች የያዟቸው ልዑካን በቁት። ውጭ ፖሊስ ተቃዋሚዎችን በዱላ ይቀጠቅጣል፤ ውስጥ ድምፅ ይቆጠራል።

ታዲያ ራሱን በፋሻ የጠመጠመውን ልጅ «አንድ እንሁን» ብሎ ማን ይድፈረው? ማካርቲ ራሱ ሃምፍሪን እመርጣለሁ ያለው በኦክቶበር መጨረሻ፣ ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ እሱንም በግማሽ ልብ። በኖቬምበር ሪቻርድ ኒክሰን ከአንድ በመቶ ባነሰ የሕዝብ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ጦርነቱ ቀጠለ፤ በ1970 የአሜሪካ ጦር ካምቦዲያም ገባ። ሃምፍሪ ቢመረጥ ኖሮ ጦርነቱን ያቆመው ነበር ወይ? ማንም ሊምልበት አይችልም። ግን አንድ ነገር ይከነክነናል። አኩርፈው ቤታቸው የቀሩት ኅሊናቸውን ንጹሕ አድርገው ጠበቁ እንበል፤ የንጽሕናውን ዋጋ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። የቬትናም ገበሬ ነው፤ ዕጣ ወጥቶበት ወደ ጦር ሜዳ የተላከው የድሃ ልጅ ነው።

«የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ» የሚባለው ለዚህ ይመስለናል። ክርክሩ እውነት ነው። ችግሩ፣ ሰነፍ መሪ ዕድሜ ልኩን ሊተዳደርበት የሚችል እውነት መሆኑ ነው።

በ2016ም ያው ነገር መልኩን ቀይሮ መጣ። በርኒ ሳንደርስ በክሊንተን ተሸንፎ በጁላይ 12 ድጋፉን ሰጣት። የፊላደልፊያው ጉባኤ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ዊኪሊክስ የፓርቲውን ብሔራዊ ኮሚቴ ኢሜይሎች ይፋ አደረገ። ዳኛ መሆን ከሚገባቸው ሹማምንት አንዳንዶቹ ልባቸው ወደ አንዱ ወገን ያደላ እንደነበረ ታየ፤ ሊቀ መንበሯም ሥልጣኗን ለመልቀቅ ተገደደች። ጉባኤው በተከፈተበት ቀን ሳንደርስ ክሊንተንን ልናስመርጥ ይገባናል ቢላቸው የገዛ ልዑካኑ ጮኹበት። በኖቬምበር ክሊንተን በሚሺጋን፣ በዊስኮንሲንና በፔንሲልቬንያ ተሸነፈች፤ የሦስቱ ልዩነት ተደምሮ 80,000 ድምፅ አይሞላም። ጥፋቱ የጯኺዎቹ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ምርጫ በአንድ ምክንያት ብቻ አይወድቅም። ጩኸታቸውም ከባዶ ሜዳ አልተነሣም።

የኛ ሽማግሌ ሲያስታርቅ ተበዳዩን «በል ተወው» ከማለቱ በፊት በዳዩን ድንጋይ አሸክሞ «በድያለሁ» ያሰኘዋል። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያሉ ወደ ተሸናፊው ደጅ የሚሮጡ ወጣቶች መጀመሪያ ማንኳኳት የነበረባቸው ያሸናፊውን ደጅ ነው። ዲሞክራቶቹ ድንጋዩን ተሸክመውት ያውቃሉ። ከ1968 በኋላ ኮሚሽን አቋቁመው የልዑካኑን አመራረጥ ለወጡ፤ በ2018 ደግሞ በማዕረጋቸው ብቻ ልዑክ የሚሆኑት ትልልቅ ሰዎች፣ ፉክክር ባለበት ጉባኤ በመጀመሪያው ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ወሰኑ። የሚቆጨው ሁለቱንም ያደረጉት ከወደቁ በኋላ መሆኑ ነው። ድንጋዩን ተሸክሞ ለመጣ አሸናፊ ግን ተሸናፊው ዕዳ አለበት እንላለን፤ መምጣት አለበት። ሲመጣ ደግሞ አፉን ይዞ ይምጣ። አፉን በር ላይ አስቀምጦ የገባ ሰው እንግዳ እንጂ ጓድ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስለ አሜሪካ ብቻ ብለን የጻፍነው እንዳይመስላችሁ። የኛም የንባብ ክበብ ባለፈው ተርም ኮሚቴ መርጧል። ያሸነፍነው እኛ ነን። ከምርጫው ወዲህ ስድስት ጓደኞቻችን ከሐሙሱ ስብሰባ ቀርተዋል። እኛም «የክበቡ አንድነት ይበልጣል» የሚል ማስታወቂያ ጽፈን ለጠፍን፤ ጽሑፉም ያምር ነበር። ማስታወቂያው ያልተናገረው፣ ምርጫውን ያደረግነው ከስድስቱ አራቱ ፈተና ላይ በነበሩበት ከሰዓት በኋላ መሆኑን ነው። ቀኑን የቆረጥነው እኛ ነን። ፈተና እንዳለባቸው አናውቅም ነበር ብንል ደስ ባለን፤ እናውቅ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ማስታወቂያውን አነሣነውና ሦስታችን ወደ ዶርማቸው ሄድን። የምንለውን መንገድ ላይ ስናጠና ነበር፤ በሩ ሲከፈት ጠፋብን። እንደ ምንም ብለን ቀኑን አውቀን እንደ መረጥነውና ምርጫው ቢደገም እንደማንቃወም ነገርናቸው። አንዱ ሣቀ። ሌላው ሻይ አፈላልን፤ ስኳር አልነበረም። ሐሙስ እንመጣለን አላሉም። አንመጣምም አላሉም።