ብዥታው ከየት መጣ?

ልጄ፣ እንደ አንተ ካሉ ወጣት ፎቶ አንሺዎች አፍ የማይጠፋ አንድ እሮሮ አለ፤ «ካሜራዬ አርጅቷል፣ ፎቶው ጥርት አይልልኝም» የሚል። እስቲ አሳየኝ ስል ከቦርሳ የሚወጣው ኒኮን ዲ90 ነው፤ ወይም ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ ካኖን 40ዲ፤ አንዳንዴም የመጀመሪያው ካኖን 5ዲ። 5ዲ በፈረንጆቹ 2005፣ ዲ90 ደግሞ በ2008 የወጡ ናቸው። አርጅተዋል፣ አልክድም። ነገር ግን ሴንሰር ሲያረጅ አይደንዝም፤ በወጣበት ሰሞን ያነሳ የነበረውን ዛሬም ያነሳል።

ስለ ሜጋፒክስል አንድ ሒሳብ ልንገርህና እንለፈው። ኤ4 የሚያህል የመጽሔት ገጽ በ300 ዲፒአይ ሞልቶ ለማተም የሚያስፈልገው 8.7 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። 4ኬ የሚባለው ቴሌቪዥን እንኳ 8.3 ነው። የዲ90 ፎቶ 12.3፣ የ5ዲ ደግሞ 12.8 ሜጋፒክስል ነው። እንዲያውም አሮጌ ካሜራ ውለታ ይውልልሃል፤ ፒክስሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ የሌንስንም የእጅንም ጉድለት ይሸፍኑልሃል። ያንኑ ሌንስ 45 ሜጋፒክስል ካሜራ ላይ ገጥመህ ፎቶውን 100 ፐርሰንት ብትከፍተው፣ ዛሬ የማይታይህ እንከን ሁሉ አፍጥጦ ይወጣል። በሽታውን ሳታውቅ ቦዲ ብትቀይር አዲሱም ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንብሃል።

ስለዚህ አስቀድመህ ብዥታን መለየት ተማር። ለእኔ ጥርት ያለ ፎቶ የማንሳት ግማሹ ይኸው ነው። ፎቶውን ኮምፒዩተር ላይ 100 ፐርሰንት ክፈተው፤ በካሜራው ትንሽ ስክሪን አትፍረድ። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ፣ የመብራት ነጥቦች ሰረዝ ከሆኑ፣ እጅህ ተንቀጥቅጧል። ግድግዳው ጠርቶ ሰውየው ብቻ ከደበዘዘ ሰውየው ተንቀሳቅሷል። ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው ወይም የኮቱ ኮሌታ ከጠራ ፎከሱ ስቷል። የጠራ ነገር ከናካቴው ከሌለ፣ ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ ደግሞ ሌንሱን ብርሃን ላይ አውጥተህ መርምረው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ፎከሱ ለሚስትበት ካሜራ ትራይፖድ የገዛ ሰው ገንዘቡን አቃጥሏል።

ብዙ ፎቶ የሚያበላሸው የመጀመሪያው ነው፤ የእጅ ነገር። ከጥንት የሚነገር መለኪያ አለ፤ የሹተር ስፒድህ ከሌንሱ ርዝመት በታች አይውረድ ይላል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1/50፣ በ200 ደግሞ 1/200 ሰከንድ ማለት ነው። ይህ የፊልም ዘመን ሒሳብ ነው። ዲ90ንና 40ዲን በመሰሉ፣ ሴንሰራቸው አነስ ባለ ካሜራዎች ላይ ለኒኮን በ1.5፣ ለካኖን በ1.6 አባዛው፤ 50ው 1/80፣ 200ው 1/320 ይጠይቅሃል። ብርሃን እስካለ ድረስ እኔ ከዚያም በላይ እጥፍ አድርጌ ነው የምሠራው።

አያያዝህንም አስተካክል። ክንድህን ከጎንህ አጣብቅ፤ ግራ እጅህ ሌንሱን ከሥር ይሸከመው እንጂ ከጎን አይጨብጠው። ትንፋሽህን ግማሽ አውጥተህ ቁልፉን ቀስ ብለህ ጫነው፣ አትምታው። ብርሃን ሲያንስ ሦስት አራት ፎቶ በተከታታይ ልቀቅ፤ የመጀመሪያው ጣትህ ሲጫን፣ የመጨረሻው ጣትህ ሲነሳ ይናወጣሉ፣ መካከለኞቹ ይተርፋሉ። ላሊበላ፣ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ምእመኑን በፍላሽ ከማስደንገጥ ምሰሶ ተደግፈህ እንዲህ ብታነሳ ይሻልሃል። ካህናቱን ማስፈቀድህን መቼም አልነግርህም።

ትራይፖድ ካለህ ቁልፉን በጣትህ አትንካው፤ ሴልፍ ታይመሩን ተጠቀም። ቪአር ወይም አይኤስ የሚሉትን የሌንስ ማረጋጊያ፣ በተለይ ሌንሱ የቆየ ከሆነ፣ አጥፋው፤ ካሜራው ቆሞ ሳለ እሱ የሌለ ንዝረት ሲፈልግ ራሱ ይንቀጠቀጣል። የእነዚህ ካሜራዎች መስታወት ሲነሳ የሚያመጣው ንዝረትም ቀላል አይደለም፤ ሹተሩ ዝግ ሲል፣ ለምሳሌ በ1/8 ወይም በ1/15፣ ፎቶ ላይ ይታያል። ካኖኖቹ ሜኑ ውስጥ ሚረር ሎክአፕ፣ ዲ90 ውስጥ ኤክስፖዠር ዲሌይ ሞድ የሚል ታገኛለህ፤ የተሠሩት ለዚሁ ነው።

ማረጋጊያ ያንተን እጅ ነው የሚያረጋጋው፤ የሚዜውን ትከሻ አያረጋጋልህም። እስክስታ በ1/60 ብታነሳ ወንበሩ ይጠራል፣ ጨፋሪው ይጠፋል። ቢያንስ 1/500 ስጠው። ቆሞ ለሚያወራ ሰው 1/200 ይበቃል። ብርሃኑ ይህን ካልቻለ አይኤስኦውን ከፍ አድርግ፤ ወጣቶች የምትፈሩት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ዲ90ም 5ዲም 1600 ድረስ ያለ ጭንቀት ያሠራሉ። የፎቶ ሸካራነት በኋላ ይለሰልሳል፣ ሰውም ይቅር ይለዋል፤ የተናወጠ ፊት ግን የሚያድነው የለም። 400 ላይ አጨልሞ አንስቶ ኮምፒዩተር ላይ ማብራት ደግሞ የባሰ ነው፤ 1600 ላይ በትክክል ከማንሳት ይልቅ ይሻክራል፣ በተለይ በነዚህ አሮጌ ሴንሰሮች።

ፎከስ ላይ ቆየት ልበል። መጀመሪያ የራስህን ዓይን አስተካክል። ከምታይበት ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ መዘውር አለች፤ ውስጥ የሚታዩት ቁጥሮች ጥርት እስኪሉልህ ድረስ አዙራት። ካሜራውን ላንድ ቀን የተዋሰ ጓደኛ አዙሯት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቻችሁ መኖሯንም አታውቁም። ከዚያ ካሜራው የፎከስ ነጥብ ራሱ እንዲመርጥ አትተውለት፤ እሱ የሚመርጠው ቅርብ ያለውን ነው፣ ብዙ ጊዜ አፍንጫን ወይም ማይክራፎንን። ዲ90 11 ነጥቦች አሉት፤ ከነሱ መሀል አግድምም ቁልቁልም የሚያይ መሀለኛው ብቻ ነው። ጨለምለም ሲል እሱን እመን።

ችግሩ መሀለኛውን ዓይን ላይ አድርገህ ከያዝክ በኋላ ካሜራውን ስታዞር ነው። በዲ90 ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ ከፍተህ ከአንድ ሜትር ተኩል ብታነሳ፣ የሚጠራው ቦታ ከፊት እስከ ኋላ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንተ ትንሽ ብታዘነብል ወይም ሰውየው ቢስቅ አለቀ። ያንኑ ሌንስ ኤፍ 4 ላይ ብታደርገው 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ታገኛለህ፤ ፊት ሙሉ ይገባበታል። ጀርባውን ማደብዘዝ አማረኝ ብሎ ሁሉን በ1.8 የሚያነሳ ልጅ ስለ ጥራት አያማርር።

ሁልጊዜ የምትስት ከሆነ ግን ጥፋቱ ያንተ ላይሆን ስለሚችል እንዲህ ፈትን። አንድ የአዲስ ዘመን ገጽ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋና መሀሉ ላይ በእስክሪብቶ አግድም መስመር አስምር። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስረህ፣ ወደ 45 ዲግሪ አዘንብለህ፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍተህ፣ በመሀለኛው ነጥብ መስመሩን ይዘህ አንሳ። ፎከሱን በእጅህ እያበላሸህ ደጋግመው፤ በአንድ ፎቶ አይፈረድም። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ጽሑፍ ሁልጊዜ ከጠራ ሌንስህ ወደ ፊት ይስታል፣ ወዲያ ያለው ከጠራ ወደ ኋላ። ካኖን 50ዲ፣ 7ዲና 5ዲ ማርክ 2፣ ከኒኮን ዲ300፣ ዲ700ና ዲ7000 ይህን ከሜኑ ያስተካክላሉ። ዲ90፣ 40ዲና የመጀመሪያው 5ዲ አይችሉም። በዲ90ና በ40ዲ ላይቭ ቪው ከፍተህ ዓይኑን አጉልተህ በእጅህ ፎከስ አድርግ፤ ለቆመ ነገር ከዚህ የሚበልጥ መንገድ የለም። 5ዲ ላይቭ ቪው የለውም፤ እሱ ላይ ኤፍ 4 እና ከዚያ በላይ ሥራ።

አፐርቸርን በተመለከተ አጭር ነው። አሮጌ ሌንስ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ይለሰልሳል፣ ከኤፍ 5.6 እስከ 8 ድረስ ይጠራል። ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 የምትንቁት ሁሉ ኤፍ 8 ላይ አንስታችሁ አይታችሁታል? ከዚያ ወዲያ ኤፍ 16፣ ኤፍ 22 ብትሄድ ብርሃን በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው ሁሉ ይደበዝዛል። ሰሜን ተራሮች ሄዶ ገደሉን በኤፍ 22 ያነሳ ሰው «ሁሉም ይጥራ» ብሎ ሁሉንም አደበዘዘ። 70-300 ካለህ ደግሞ 300 ላይ አትድረስ፤ 250 ገደማ ቁምና ኤፍ 8 አድርግ። ጭላዳዎቹ እንደሆነ ሰው ለምደዋል፤ ቁጭ ብለህ ብትጠብቅ ራሳቸው ይቀርቡሃል።

የወደቀ ሌንስ ብዙ ጊዜ አንድ ጎኑ ይደበዝዛል። ይህን ለማወቅ የቆርቆሮ አጥር ይበቃሃል። ከአጥሩ ፊት ለፊት ቀጥ ብለህ ቁም፣ ኤፍ 8 ላይ አንሳ፣ ከዚያ ካሜራውን ገልብጠህ ድገም። ደብዛዛው ከአጥሩ ከአንዱ ጫፍ ካልለቀቀ የቆምከው ገደድ ብለህ ነው። ካሜራው ሲገለበጥ ብዥታውም ወደ ሌላው የአጥሩ ጫፍ ከዞረ ሌንሱ ውስጥ የተንጋደደ መስታወት አለ። አሮጌ ሌንስ ስትገዛ ሻጩ ቢስቅብህም ይህን ሳታደርግ ገንዘብ አትቁጠር። የስልክህን መብራትም በኋላ በኩል አብራበትና በፊት በኩል እየው፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ካየህ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በብርሃን ትይዩ ስታነሳ ነው፤ ፎቶው ይገረጣል። ቅንጣት አቧራ ግን አያስጨንቅህ፣ ፎቶ ላይ አይታይም።

ሻጋታን የሚያራባው የእኛ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሌንስህን የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ዘግተህ አትተው፤ ክዳኑ የሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን ያጠራቀምካቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምረህ አስቀምጥ፣ ፀሐይ ሲወጣ አውጥተህ አናፍሰው። ሌንስ በሸሚዝ ጫፍና በነጠላ አይጠረግም፤ መጀመሪያ አቧራውን በላስቲክ መንፊያ አራግፍ፣ ከዚያ በመነጽር ጨርቅ። ፊቱ ላይ የገጠምከውን ርካሽ ዩቪ ፊልተር አውልቀህም አወዳድር፤ ስንት ደህና ሌንስ ያለ ኃጢአቱ ይታማል።

ስለ አየሩም አንድ ነገር። አፋር ወርደህ እኩለ ቀን ላይ ሩቅ ያለ ነገር በረጅም ሌንስ ብታነሳ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው ምንም ካሜራ አያጠራልህም። ማለዳ ተነስ ወይም ቅረብ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አቧራውን ስላጠበው ደጋው ላይ ሩቁ ተራራ ሳይቀር ይለይልሃል።

ራው አንሳ። እነዚህ ካሜራዎች ሴንሰራቸው ፊት ምስሉን ሆን ብሎ የሚያለሰልስ ማጣሪያ አላቸው፤ ስለዚህ ፎቶው ከካሜራ ሲወጣ ትንሽ ለስለስ ማለቱ ተፈጥሮው ነው፣ ሻርፕኒንግ የሥራው አካል ነው። ላይትሩም ከሌለህ ዳርክቴብል በነፃ ይገኛል። ላይትሩም ካለህ ማስኪንግ የሚለውን አልት ቁልፍ ይዘህ ጎትተው፤ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ብቻ ነው የሚሳለው፣ ሰማዩንና ጉንጩን ተወው። ሻርፕኒንግ እንደ በርበሬ ነው፤ ከበዛ ወጡን ያጠፋዋል። የፊት ቆዳ እንደ ድንጋይ ሲሆን ደንበኛህ ለምን እንደሆነ ባያውቅም ይከፋዋል።

ይህን ሁሉ ለፍተህ ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላክኸው ልፋትህ ከንቱ ነው። ቴሌግራም አሳንሶና ጨምቆ ይልከዋል። እንደ ፋይል ላከው፤ ለማተሚያ ቤት ሲሆንማ ግዴታ ነው።

አዲስ ቦዲ በፍጹም አትግዛ አላልኩም። ሥራህ ማታ ስታዲየም ከሆነ፣ ወይም ከ1600 አይኤስኦ በላይ ካልሆነ የማያሠራህ ቦታ የምትውል ከሆነ፣ አሮጌው አይችልምና ሂሳብህን አድርግ። ለሌላው ሁሉ መጀመሪያ ሌንስ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካለህ ካሜራ አትበለው። ኒኮን ከያዝክ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ጂ ዲኤክስ፣ ካኖን ከያዝክ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ብለህ ስሙን አጥርተህ ጽፈህ ላክለት። «50 ኒኮን» ብቻ ብለህ ከላክህ ስሙ ላይ «ዲ» ያለበትን ሌንስ ይገዛና፣ ዲ90 ሲያሠራው ዲ3100 ላይ ግን ቦዲው ሞተር ስለሌለው ኦቶ ፎከስ አይሠራም፤ ዘመድህም ያን ጊዜ ተመልሶ ሄዷል።