ዳዊትን የሚጫወት ተማሪ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት የሚማር ወጣት የመድረክ እንቅስቃሴና የድምፅ አጠቃቀም ያጠናል፤ የሌላ ሰውን ኃጢአትም በገዛ አፉ መናገር ይለማመዳል። በዐቢይ ጾም፣ በብርሌ የተቀዳ ባለ ቀለም ውኃ የሚጎነጭ መስሎ እንደ ሰካራም ሲንገዳገድና ሲሳደብ ጾሙ አልፈረሰም። የተሳደበው ምላስ ግን የማን ነው?

ጥያቄው የቆየ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ በካርታጎ ተማሪ ሳለ ቴአትር ይወድ ነበር፤ በኋላ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፣ በሐሰተኛ መከራ ማልቀስ እንዴት ደስ ያሰኛል ብሎ ራሱን ወቀሰ። ወቀሳው ቀላል አይደለም። ተመልካቹ እንባውን አፍስሶ፣ ማንንም ሳይረዳ ወደ ቤቱ ይገባልና።

ነቢዩ ናታን ግን፣ የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ባሏን ያስገደለውን ንጉሥ ዳዊትን በቀጥታ አልገሠጸውም። የድሀውን ብቸኛ በግ ስለ ወሰደ ባለጠጋ ተረከለት፤ ንጉሡም ተቆጥቶ ሞት ፈረደ። ያን ጊዜ ነው ባለጠጋው ራሱ መሆኑ የተገለጠለት። እንዲህ ያለውን ተረት ውሸት ማለት ይከብዳል፤ ንስሐ ወልዷል።

የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የታየው የዚሁ ታሪክ ተውኔት፣ የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። በዘውድ አገር፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም በተሠራ አዳራሽ፣ የንጉሥ ኃጢአት መድረክ ላይ ወጣ!

ናታን ከውጭ ቆሞ ተረከ። ዳዊትን የሚጫወተው ተማሪ ግን ኦርዮንን ለሞት የሚልከውን ደብዳቤ በእጁ ይጽፋል፤ ለዚያች ቅጽበት የዳዊትን ምክንያት ማመን አለበት። ስለዚህ መምህሩ ወደ ገጸ ባሕርይው መግባትን ብቻ ሳይሆን ከልምምድ በኋላ መውጣትንም ሊያስተምረው ይገባል።